የቤት ኮምፒውተር ፕሮሰሰርን ያለ ጉዳት ኦቨርክሎክ ማድረግ፦ የጀማሪ መመሪያ

የአንድን ፕሮሰሰር ፍጥነት የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ከማዘርቦርዱ የሚመጣው መነሻ ምት ሲሆን በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ዘንድ 100 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ይህን ምት የሚያበዛበት ቁጥር፣ ማለትም ማባዣው ነው። ማባዣው 45 ከሆነ ፕሮሰሰሩ በ4500 ሜጋኸርዝ ወይም በ4.5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ኦቨርክሎክ ማድረግ የሚባለው ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን፣ በተለይም ማባዣውን፣ ፋብሪካው ካስቀመጠው ከፍ ማድረግ ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው በአንድ ስም የሚሸጡ ቺፖች አቅማቸው እኩል ስላልሆነ ነው። ፋብሪካው እያንዳንዱን ቺፕ ፈትኖ በደረጃ ይለያል፤ ከደረጃው ደካማ የሆነው ቺፕ እንኳ የተጻፈበትን ፍጥነት እንዲያሟላ ሲል ለሁሉም ትርፍ አቅም ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ በዚህ ይታወቃል። ማባዣው በ4.5 የተቆለፈ ቢሆንም መነሻ ምቱ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲነሳ ብዙዎቹ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ይዘሉ ነበር። ዛሬ የቀረው ትርፍ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። የአሁኖቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና የኃይል ፍጆታቸውን እየለኩ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ አብዛኛውን ትርፍ ፋብሪካው አስቀድሞ ተጠቅሞበታል። ጀማሪ ሊጠብቅ የሚገባው ጭማሪ በጥቂት በመቶ የሚቆጠር ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለሚሠራ ወይም ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል ለሚያደርግ ሰው ይህ ጥቂት በመቶ ይታወቃል። ፍጥነታቸው በግራፊክስ ካርዱ ለሚወሰን ጌሞች ግን ለውጡ እምብዛም አይታይም።

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት አንድ ልዩነት አለ። ማባዣው ከአቅም በላይ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ሃንግ ያደርጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል ወይም ሳይነሳ ይቀራል፤ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ሲመለስ ግን ፕሮሰሰሩ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ቮልቴጅ ከመጠን በላይ ሲወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ምንም ችግር ሳያሳይ ለወራት ሊሠራ ይችላል፤ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀማል፤ አንዴ ከደረሰም አይመለስም። ከዚህ በታች የተቀመጡት ደረጃዎች በዚህ ልዩነት ላይ የቆሙ ናቸው፦ ፍጥነት አስቀድሞ ይነሳል፣ ቮልቴጅ በመጨረሻና በትንሹ ይነካል፣ ሙቀት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠበቃል። ለማሳያነት የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣው የኢንቴል ኮር አይ5-12600ኬ ነው፤ አካሄዱ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩ የሚፈቅድ መሆኑን ማረጋገጥ

ማባዣቸው ያልተቆለፈ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በስማቸው መጨረሻ በሚገኘው “ኬ” ይለያሉ፤ “ኬኤፍ” እና “ኬኤስ” የሚል ያለባቸውም እንደዚሁ ናቸው። አይ5-12600ኬ ክፍት ነው፤ አይ5-12400 ግን ዝግ ነው። ፕሮሰሰሩ ክፍት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ማዘርቦርዱም መፍቀድ አለበት። በኢንቴል በኩል ማባዣን ለመለወጥ እንደ ዜድ690 እና ዜድ790 ያለ የዜድ ተከታታይ ቺፕሴት ያስፈልጋል። ቢ660 እና ቢ760 የራምን ፍጥነት እንጂ የፕሮሰሰሩን ማባዣ ከፍ ለማድረግ አይፈቅዱም። በኤኤምዲ በኩል አብዛኞቹ ራይዘኖች ክፍት ናቸው፤ ማዘርቦርዱ የቢ ወይም የኤክስ ተከታታይ ከሆነ ይበቃል። እንደ ኤ320 እና ኤ520 ያሉት የኤ ተከታታይ ቦርዶች አይፈቅዱም።

የፕሮሰሰሩንና የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ለማወቅ ሲፒዩ-ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያገለግላል። በመጀመሪያው ገጹ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም፣ “ሜይንቦርድ” በሚለው ገጽ ላይ የቦርዱ ስምና የባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) የዕትም ቁጥር ይነበባሉ።

ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ አብዛኛው የተቆለፈ ነው፣ ያልተቆለፈውም ቢሆን ማቀዝቀዣው ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ የሚያስኬድ ትርፍ የለውም። ከቢሮ ወጥተው ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት ዴስክቶፖችም ባዮሳቸው ይህን አይፈቅድም፤ ፓወር ሰፕላያቸውም የተመጠነው ለነበረው ዕቃ ብቻ ነው። እንዲህ ላለ ማሽን ራም መጨመርና በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስኤስዲ መግጠም ከማንኛውም ኦቨርክሎክ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

እዚህ ላይ ዋስትናም መታሰብ አለበት። ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ ፕሮሰሰሩ ከተቀመጠለት ልክ ውጭ በመሥራቱ ለሚደርስ ጉዳት ዋስትናቸው እንደማያገለግል ያስታውቃሉ። የማይተካ ፕሮሰሰር የያዘ ሰው ይህን አመዛዝኖ ይግባበት።

ደረጃ 2፦ ማቀዝቀዣውንና የኃይል ምንጩን ማዘጋጀት

ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ልክ ያድጋል። በቁጥር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ማባዣው ከ45 ወደ 48 ቢነሳ ፍጥነቱ በ6.7 በመቶ ይጨምራል። ለዚህ ሲባል ቮልቴጁ ከ1.20 ወደ 1.30 ከወጣ የኃይል ፍጆታው በ25 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ 120 ዋት ይበላ የነበረው ወደ 150 ዋት ይጠጋል ማለት ነው። ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ከቺፑ ላይ መነሳት አለበት።

“ኬ” ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ነው የሚሸጡት። ለ12600ኬ ቢያንስ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ግንብ ሂትሲንክ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የተሻለ ቢሆን ይመረጣል። ሂትሲንኩ ሲገጠም የድሮው ቴርማል ፔስት በአልኮል ይጸዳል፤ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት በፕሮሰሰሩ መሐል ይደረጋል፤ ብሎኖቹም አንዱ እስከ መጨረሻ ሳይጠብቅ በየተራ በሰያፍ ይጠብቃሉ። በአዲስ ሂትሲንክ መቀመጫ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ መነሳቱ መረጋገጥ አለበት፤ እሱ ከቀረ ፕሮሰሰሩ ያለ ሥራ በተቀመጠበት እንኳ ይግላል።

ሂትሲንክ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። በሙሉ ጭነት ከክፍሉ በ50 ዲግሪ የሚበልጥ ፕሮሰሰር 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል 75 ያነባል፤ 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ደግሞ 90 ይደርሳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወይም እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ የሚኖር ሰው ሙከራውን ኤር ኮንዲሽነር በጠፋበት ሰዓት መድገም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ አንድ ፋን በእኩል ፍጥነት እየዞረ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያን ያህል ይቀንሳል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ሌላ ሰው በሌላ አገር ያገኘውን የሙቀት ቁጥር እንዳለ መውሰድ ግን አያዋጣም።

ፓወር ሰፕላዩ የታወቀ ሥሪት ያለውና ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ተደምሮ ትርፍ ዋት የሚተርፈው መሆን አለበት። መብራት በሚቆራረጥበትና በሚዋዥቅበት ቤት ዩፒኤስ የግድ ነው። ዩፒኤስ ሲመረጥም ኮምፒውተሩ በሙሉ ጭነት ላይ ሳለ የሚበላውን ዋት የሚችል መሆኑ ይታያል፤ ለቀላል ሥራ የሚበቃው ትንሹ ዓይነት በፈተና መሐል ሊያቋርጥ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከመነካቱ በፊት መደረግ ያለባቸው

ያልረጋ ፕሮሰሰር የሚሳሳተው በሂሳብ ነው፤ የተሳሳተ ሂሳብ ደግሞ ዲስክ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፎቶ፣ የሰነድና የሥራ ፋይሎችን በውጫዊ ዲስክ ባክአፕ አድርጎ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ መንቀል ነው።

ቀጥሎ ባዮሱ ወደ አዲሱ ዕትም ይታደሳል። ይህ የሚሠራው ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ለዚያው ሞዴል በተዘጋጀ ፋይል ብቻ ነው። እድሳቱ በመሐል ከተቋረጠ ቦርዱ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ስለሚችል ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ከዚያ አንድ ደብተር ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ ሙከራ የተለወጠው ቁጥር፣ በጭነት ጊዜ የታየው ቮልቴጅ፣ ከፍተኛው ሙቀትና የፈተናው ውጤት በአንድ መስመር ይጻፋሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የማይጣስ ሕግ ነው፤ ሁለት ነገር ተለውጦ ኮምፒውተሩ ቢወድቅ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በመጨረሻም ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ኤክስኤምፒ የተባለ ቅንብር በርቶ ከሆነ ለጊዜው ይጠፋል። ኤክስኤምፒ ራሱ የኦቨርክሎክ ዓይነት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲፈተን ራሙ በመደበኛ ፍጥነቱ ላይ ካልሆነ የራም ስህተት የፕሮሰሰር ስህተት መስሎ ይታያል።

ደረጃ 4፦ መነሻውን መለካት

ምንም ሳይለወጥ ኮምፒውተሩ ያለበት ሁኔታ ይለካል። ሙቀትና ቮልቴጅ የሚነበቡት ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። እሱ ክፍት ሆኖ ሲኔቤንች የተባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ለ10 ደቂቃ በሁሉም ኮሮች (በፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) እንዲሠራ ይደረጋል። ሲጠናቀቅ አምስት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፦ ውጤቱ፣ ኮሮቹ አብረው ሲሠሩ የነበራቸው ፍጥነት፣ “ቪኮር” ተብሎ የተጻፈው ቮልቴጅ፣ የፕሮሰሰሩ ፓኬጅ ከፍተኛ ሙቀት እና የፓኬጁ ኃይል በዋት።

በ12600ኬ ላይ ስድስት ትልልቅና አራት ትንንሽ ኮሮች አሉ። ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ ትልልቆቹ እስከ 4.9 ጊጋኸርዝ ይወጣሉ፤ ሁሉም ሲጫኑ ግን ከዚያ ዝቅ ይላሉ። ይህ ልዩነት በደረጃ 8 ላይ ስለሚያስፈልግ ሁለቱም ቁጥሮች ይያዙ።

የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጣሪያ ማለት ግን መኖሪያ ማለት አይደለም። በፋብሪካው ቁጥር እንኳ ከ80 ዲግሪ የሚያልፍ ኮምፒውተር መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ይስተካከል፤ ኬዙ ይጽዳ፤ ፋኖቹ ከፊት አየር አስገብተው በኋላና በላይ የሚያስወጡ መሆናቸው ይታይ። ያ ሳይሆን ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ አይገባም።

ደረጃ 5፦ ማባዣውን ማሳደግ

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 በመጫን ወደ ባዮስ ይገባል። ሥራው ከባዮስ የሚመረጠው በዊንዶውስ ውስጥ ያሉት ማስተካከያዎች ዊንዶውስ ራሱ መነሳት ሲያቅተው ስለማይገኙ ነው።

በመጀመሪያ ቮልቴጁ “አውቶ” ከሚለው ይወጣል። ይህ ለጀማሪ ተቃራኒ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ማባዣው ሲነሳ በራሳቸው ውሳኔ ቮልቴጁን አብዝተው ይሰጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ረግቶ ይሠራል፣ ባለቤቱም ምን ያህል ቮልት እየገባ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ የኮር ቮልቴጅ በደረጃ 4 ላይ በጭነት ጊዜ ከታየው ጋር እኩል በሆነ ቋሚ ቁጥር ይያዛል። በምሳሌያችን ይህ 1.20 ቮልት ነው እንበል።

ከዚያ የትልልቆቹ ኮሮች ማባዣ በአንድነት በአንድ ደረጃ ይነሳል፤ 45 ከነበረ 46 ይሆናል። የትንንሾቹ ኮሮች ማባዣና 100 የሆነው መነሻ ምት እንዳሉ ይቆያሉ። መነሻ ምቱን መነካካት ከፕሮሰሰሩ ሌላ የማዘርቦርዱን ክፍሎችም ሊያናጋ ስለሚችል ለጀማሪ አይመከርም።

ቅንብሩ ሴቭ ተደርጎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሲኔቤንች ለ10 ደቂቃ ይሠራል። ካለፈ ቁጥሮቹ ይመዘገቡና ማባዣው ወደ 47 ይነሳል። እንዲህ እየተባለ ከሦስቱ አንዱ እስኪሆን ይቀጠላል፦ ኮምፒውተሩ ይወድቃል፣ ሙቀቱ 85 ዲግሪ ይደርሳል፣ ወይም የታሰበው ፍጥነት ይገኛል። ሙቀቱ ቀድሞ ከደረሰ ሥራው እዚያው ያበቃል፤ የመጨረሻው ያለፈ ቁጥር ተይዞ ወደ ደረጃ 7 ይታለፋል። ኮምፒውተሩ የወደቀው ሙቀቱ ገና ከ85 ዲግሪ በታች ሳለ ከሆነ ብቻ ወደ ቮልቴጅ ይኬዳል።

ደረጃ 6፦ ቮልቴጅን በጥንቃቄ መጨመር

ቮልቴጅ የሚጨመረው በ0.01 ወይም ቢበዛ በ0.02 ቮልት ነው። 48 ላይ የወደቀ ፕሮሰሰር 1.22 ተሰጥቶት እንደገና ይፈተናል፤ ካልረጋ 1.24 ይሞከራል። ለ12600ኬ በጭነት ጊዜ በኤችደብሊውኢንፎ የሚነበበው ቮልቴጅ 1.30 ላይ መገደቡ ለጀማሪ የሚበጅ ጥንቃቄ ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተጨምሮለት አንድ ደረጃ ያልወጣ ፕሮሰሰር የአቅሙ ዳርቻ ላይ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ቮልት ሙቀት እንጂ ፍጥነት አይሰጥም።

በባዮስ የሚጻፈውና ፕሮሰሰሩ ዘንድ የሚደርሰው ቮልቴጅ አንድ አይደሉም። ጭነት ሲመጣ ቮልቴጁ በመጠኑ ይወርዳል፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ሎድላይን ካሊብሬሽን የተባለው ቅንብር ይህን መውረድ ያካክሳል። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲቀመጥ ግን ጭነቱ በድንገት በሚቆምበት ቅጽበት ቮልቴጁ ከተጻፈው በላይ ይዘላል፤ ዝላዩ ቅጽበታዊ ስለሆነም በስክሪኑ ላይ አይታይም። ስለዚህ መካከለኛው ደረጃ ይመረጣል።

ቮልቴጅ በዝምታ የሚጎዳ ስለመሆኑ ሁለት የቅርብ ማስረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ከነማዘርቦርድ መሰኪያቸው ተቃጠሉ። ኤኤምዲ ለዚህ የሰጠው መፍትሔ ኤስኦሲ የሚባለውን ቮልቴጅ በባዮስ እድሳት በ1.3 ቮልት መገደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ መጎዳታቸውን አምኖ በባዮስ እድሳት የሚመጣውን ማይክሮኮድ አደሰ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። የነዚህ ትውልዶች ባለቤቶች ባዮሳቸውን ሳያድሱ ኦቨርክሎክን ፈጽሞ ማሰብ የለባቸውም። የተጎዳ ፕሮሰሰር በእድሳት አይድንም። ለማሳያ የተወሰደው 12ኛው ትውልድ በዚህ ችግር ውስጥ የለበትም።

ደረጃ 7፦ ረጅሙ ፈተና

የ10 ደቂቃ ፈተና ያለፈ ፕሮሰሰር ረግቷል ማለት አይደለም። ቀጣዩ ፈተና ፕራይም95 ወይም ኦሲሲቲ በሚባሉት ፕሮግራሞች የሚደረግ የአንድ ሰዓት ሩጫ ነው። ፕራይም95 በመሠረቱ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ለፈተና የሚመረጠው መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን ደጋግሞ ሠርቶ ስለሚያመሳክር ነው። “ስሞል ኤፍኤፍቲ” የሚለው ምርጫ ከሁሉ የበለጠ ሙቀት ያወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሙቀቱ ዓይን ሳይነቀልበት ይጠበቃል፤ 95 ዲግሪ ካለፈ ፈተናው ወዲያው ይቆማል።

በፕራይም95 መስኮት ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መስመሮች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ የማጠጋጋት ስህተት መገኘቱን ጽፎ ከቆመ ኮምፒውተሩ በደህና የሚሠራ ቢመስልም ፈተናው ወድቋል። ያ መስመር የሚናገረው አንድ ኮር አንድ ሂሳብ መሳሳቱን ነው፤ ነገ ያ ሂሳብ የባለቤቱ ፋይል ሊሆን ይችላል። ስህተት ሲገኝ ትክክለኛው እርምጃ ማባዣውን በአንድ ማውረድ ነው። ቮልቴጅ መጨመር የሚታሰበው ሙቀቱም ቮልቴጁም ከገደባቸው በታች ካሉ ብቻ ነው።

ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉ ስህተቶችም አሉ። ፕሮሰሰሩ ያገኛቸውንና ያረማቸውን ስህተቶች ዊንዶውስ በኢቨንት ቪወር ውስጥ “ዊያ ሎገር” በሚል ስም ይመዘግባል፤ ኤችደብሊውኢንፎም ከታች በኩል ይቆጥራቸዋል። ከፈተናው በኋላ ይህ ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። አንድም ቢሆን ካለ ቅንብሩ ከዳር ደርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ፈተና የዘወትር ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ለአንድ ሳምንት ያህል እንደ ልማዱ ይሠራበታል፦ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ቪዲዮ ያወጣል፣ ጌም ይጫወትበታል፣ ያለ ሥራም ይቀመጣል። በከባድ ጭነት የረጋ ፕሮሰሰር ከእንቅልፍ ሲነቃ ወይም በቀላል ሥራ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ይህ ሳምንት አይዘለልም።

ደረጃ 8፦ ማጠናቀቂያ

ቅንብሩ ሲረጋ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሁሉም ኮሮች በ4.7 ጊጋኸርዝ እንዲታሰሩ የተደረገ 12600ኬ በከባድ ሥራ ፈጥኗል፤ በቀላል ሥራ ግን ቀድሞ ይደርስበት የነበረውን 4.9 አጥቷል። ብዙ ጀማሪዎች ሳያውቁ የሚወድቁበት ቦታ ይህ ነው። መፍትሔው ማባዣው በሚሠሩት ኮሮች ብዛት እንዲወሰን የሚያደርገውን የባዮስ ምርጫ መጠቀም ነው፦ ለሁለት ኮር 49፣ ለሁሉም 47። በዚህ ጊዜ ቋሚው ቮልቴጅ ለ49 ስለማይበቃ “አዳፕቲቭ” ወደሚባለው ዓይነት ይዛወራል፤ በእሱ ፕሮሰሰሩ እንደ ፍጥነቱ ልክ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ያለ ሥራ ሲቀመጥም ቮልቴጁ ይወርዳል። ከዚህ ለውጥ በኋላ በጭነትም ያለ ጭነትም የሚታየው ቮልቴጅ እንደገና ይነበባል፤ የደረጃ 7 ፈተናዎችም ይደገማሉ።

የኃይል ገደቡም ይታያል። ብዙ ማዘርቦርዶች ለፕሮሰሰሩ የሚፈቀደውን ዋት ያለ ወሰን ይተዉታል። ኢንቴል ለ12600ኬ ያስቀመጠው የቱርቦ ኃይል 150 ዋት ነው፤ በፈተና ጊዜ ከታየው በጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር መጻፍ ለድንገተኛ ሙቀት መከላከያ ይሆናል።

በመጨረሻ ኤክስኤምፒ ተመልሶ ይበራል፤ ራሙ ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ይፈተናል። ሁሉም ካለፈ ቅንብሩ በባዮሱ ውስጥ በፕሮፋይል ይቀመጣል፤ ገጾቹም በስልክ ፎቶ ይነሳሉ።

ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል

ፋኖቹ እየዞሩ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ መደናገጥ አያስፈልግም። ብዙ ቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸው በደህና ቅንብር ራሳቸው ይነሳሉ፤ ለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ መታገስ ነው። ካልሆነ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል። ከዚያ በማኑዋሉ የተጠቀሱት የሲሞስ (የባዮስ ቅንብር መያዣ) ማጥፊያ ሁለት ፒኖች በብሎን መፍቻ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ይገናኛሉ። ፒኖቹ ካልተገኙ ሲአር2032 የተባለችው ክብ ባትሪ ለ5 ደቂቃ ያህል ወጥታ ትመለሳለች። ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል፤ ደብተሩ ላይ ያለው የመጨረሻ ያለፈ መስመርም መነሻ ይሆናል።

ለራይዘን ባለቤቶች

ራይዘን 5000 እና ከእሱ ወዲህ የወጡት ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን በማፍጠን ረገድ የተራቀቁ ስለሆኑ ሁሉንም ኮር በአንድ ቁጥር ማሰር ብዙ ጊዜ ከትርፉ ኪሳራው ይበልጣል። ለእነሱ የተሻለው መንገድ ፒቢኦ ከሚባለው ቅንብር ጋር የሚመጣው ከርቭ ኦፕቲማይዘር ነው። በዚህ አሠራር ፕሮሰሰሩ በየፍጥነቱ የሚጠይቀው ቮልቴጅ ይቀነስለታል፤ በሚተርፈው የሙቀትና የኃይል ቦታ ፍጥነቱን ራሱ ያሳድጋል። ለሁሉም ኮሮች ከዜሮ በታች 10 መነሻ ይሆናል፤ ከረጋ ወደ 15፣ ቀጥሎም ወደ 20 ይሄዳል። የዚህ ቅንብር ድክመት የሚታየው ከከባድ ጭነት ይልቅ በቀላል ሥራ ላይ ስለሆነ ኮሮቹን አንድ በአንድ የሚፈትነው የኦሲሲቲ ምርጫ ይመረጣል።

ጥበቃና ወደ ኋላ መመለስ

የረጋ ቅንብር ለዘላለም የረጋ አይደለም። አቧራ በሂትሲንኩ ክንፎች መሐል ሲሞላ ሙቀቱ ይነሳል፤ በየሦስት ወሩ በብሎወር ይጸዳል፤ በሚነፋበት ጊዜ ፋኑ እንዳይዞር በጣት ይያዛል። የበጋው ሙቀት ሲመጣ የ10 ደቂቃው ፈተና ተደግሞ ከደብተሩ ጋር ይመሳከራል። ሙቀቱ በእኩል ክፍል ሙቀት ከ5 ዲግሪ በላይ ከጨመረና ጽዳት ካላወረደው ቴርማል ፔስቱ ይለወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ምልክት ግን ሌላ ነው። ለወራት የረጋ ፕሮሰሰር፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ፣ በዚያው ፍጥነት ለመሥራት ተጨማሪ ቮልቴጅ መፈለግ ከጀመረ ማርጀቱ ነው። ያን ጊዜ ቮልቴጅ መጨመር ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ትክክለኛው እርምጃ ማባዣውንና ቮልቴጁን አብሮ ማውረድ፣ ካስፈለገም ወደ ፋብሪካው ቁጥር መመለስ ነው። ኮምፒውተሩ ገቢ የሚገኝበት ሥራ ሲሠራበት፣ መብራት ያለ ዩፒኤስ በሚቆራረጥበት ቤት ሲሆን፣ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት ገንዘብ በሌለበት ጊዜም የፋብሪካው ፍጥነት ይመረጣል።